የእናቴ ነበር

ሰፈርተኛው ሁሉ «ምላጩ» ነው የሚለው። የማያውቁት ሰዎች ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ይመስላቸዋል፤ የሚያውቁት ግን ስሙን ያወጡለት ለእጁ ሳይሆን ለምላሱ ነው። የእሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ተከርክሞ ብቻ አይነሳም፤ በነገርም ተላጭቶ ነው የሚነሳው። «ፀጉርህ እኮ አልሳሳም፣ የቤትህን ጭቅጭቅ ፈርቶ ነው የሸሸው» ይላል። የተባለው ሰው ይስቃል፣ ተራ የሚጠብቀውም ይስቃል፣ ፀጉሩ ሲያድግም ሌላ ቤት አይሄድም።

ቤቱ ሲገባ ግን ምላጩ ይዶለዱማል። ሚስቱን «እሜቴ» ነው የሚላት። ልጅ አልወለዱም፤ የእሷን ታናሽ እህት ግን ከሕፃንነቷ ጀምረው እንደ ልጅ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረዋታል። እህትየው አሁን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብላ ትኖራለች፤ ከሥራ ስትወጣ በእነሱ ቤት ሳታልፍ ወደ ራሷ ቤት ገብታ አታውቅም።

እሜቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር። ሳንባዋን ሲያማት መጀመሪያ ዳገት ከለከላት፣ ቀጥሎ ደረጃ፣ ቀጥሎ ማንጎራጎሩን፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ተናግራ ለመጨረስ እንኳ መሀል ላይ ማረፍ ጀመረች። ሐኪሟ፣ ረጋ ያለች ወጣት ዶክተር፣ ምላጩን ወደ ጎን ወስዳ «አባባ፣ ሳንባቸው ከአየሩ ላይ በቂውን መውሰድ አቅቶታል። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። ማሽኑ ካለ ብዙ ጊዜ እናቆያቸዋለን» አለችው።

የአዲሱ ማሽን ዋጋ ግን ከአቅሙ በላይ ነበር።

ያለው ነገር ወንበሩ ብቻ ነበር። በእግር ሲረገጥ ከፍ የሚል፣ ለጢም ወደ ኋላ የሚንጋለል፣ ድሮ የተሠራ የብረት ወንበር። እንዲህ ያለውን አሁን የሚፈልጉት ሰዎች ብዙ እንደሆኑ ስለሰማ፣ እህትየው ፎቶ አንስታ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ገጽ ላይ በስልኳ ለጠፈችለት። በማግስቱ አንድ ባለ ሆቴል መጥቶ ጭኖት ሄደ። ምላጩ ብረቱን ወልውሎ፣ ቆዳውን ቅባት ቀብቶ ነበር ያስረከበው፤ ልጅ የሚድር ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ደንበኞቹን ከጓዳ ባወጣው የእንጨት ወንበር እያስቀመጠ፣ ወገቡን አጉብጦ ይቆርጥ ጀመር። ለምን እንደሸጠው ሲጠይቁት «እኔ ለእናንተ መስገድ ስለጎደለኝ ነው» ይላል።

ማሽኑንም ያገኙት እዚያው ገጽ ላይ ነው። ፎቶው ንጹሕ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የእናቴ ነበር። እሷ ስላረፈች፣ ለሌላ እናት ይጥቀም ብዬ ነው በቅናሽ የምሸጠው። ለነጋዴ አልሸጥም።»

የምላጩን አንጀት የበላችው ያቺ «ለነጋዴ አልሸጥም» ናት።

ደወለ። ድምፁ የተሰበረ ወጣት ልጅ አነሳ። ለማን እንደሚፈልገው ጠየቀው። ለሚስቴ ነው ሲለው ልጁ «እግዚአብሔር ይማርልዎት አባቴ። እኔ ሳላውቅበት ነው እናቴን ያጣኋት፤ እርስዎ አይዘግዩ» አለ። ቀጥሎ፣ አንድ ሌላ ሰው ለመውሰድ መንገድ ላይ እንደሆነ፣ ነገር ግን ለእሱ ሊያስቀድምለት እንደሚችል ነገረው።

እህትየው «ጋሼ፣ አንድ የሚያውቅበት ሰው አይቶት ብንገዛስ?» አለች።

«እሱ እስኪገኝ ያኛው ቢወስደውስ? ደግሞስ ሰው በእናቱ ሞት ይዋሻል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የተገናኙት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ልጁ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ ላይ ያልተላጨ ጢም አለ፤ ምላጩ በልቡ «ሐዘኑ ገና ነው» አለ። ልጁ ባለ ሱቁን አስፈቅዶ ማሽኑን ሰካ። ማሽኑ እንደ ድመት ሆዱ ውስጥ ማጉረምረም ጀመረ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ልጁ ብርጭቆ ውሃ ለምኖ የቱቦውን ጫፍ ነከረበት። ውሃው ተንተከተከ።

«አዩ አባቴ? ይሄ ሁሉ ኦክስጅን ነው።»

ምላጩ የሚንተከተከውን ውሃ አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ልጁን እቅፍ አድርጎ «ነፍሷን ይማርልህ» አለው።

ቤት ሲደርስ ማሽኑን ከእሜቴ አልጋ አጠገብ አቆመው። ቱቦውን ከጆሮዋ ኋላ አዙሮ አፍንጫዋ ላይ አደረገላት። ከዚያ እግሯ ሥር ተቀምጦ ፊቷን ያይ ጀመር፤ ፈተና የተፈተነ ተማሪ ውጤቱን እንደሚጠብቅ።

እሷ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየች። ስትገልጠው እሱን አየችው።

«ቀለል አለኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምላጩ ሱቅ ሠርግ ቤት መሰለ። ለገባ ለወጣው ስለ ማሽኑ ያወራል። ስለ ልጁ ደግነት ያወራል። «ዘመኑ ከፋ ትላላችሁ፤ ሰው ግን አልጠፋም» ይላል። ማታ ማታ ሲገባ እሜቴ ትራስ ተደግፋ፣ ፀጉሯን አበጥራ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ጭራሽ ከንፈሯን ቀይ ቀለም ተቀብታ አገኛት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ለበዓል እንኳ ስትቀባ አይቷት አያውቅም።

«እሜቴ! ምን ጉድ ነው? ለማን ነው?»

«ላንተ ነዋ። ደስ አይልም?»

«ኧረ ይላል! እኔ ነኝ ያረጀሁት፤ አንቺማ ወደ ኋላ ተመለስሽ» አለና ሳቀ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳሏ ቀደማት። በየቀኑ ትቀባ ጀመር። እሱ የመዳን ምልክት ነው ብሎ ለእህትየው ነገራት። የቀጠሮዋ ቀን ሲደርስም «ሰው እየዳነ ሆስፒታል ምን ይሠራል?» ብላው፣ እሱም ነገሩ ልክ መስሎት ቀረች።

እህትየው አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ብላ፣ እሜቴን መታጠቢያ ቤት በራፍ ላይ ወድቃ አገኘቻት። ቀለሙ ከከንፈሯ ተጠርጓል። ከሥሩ ያለው ከንፈር ሰማያዊ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተሯ ቶሎ ብላ ኦክስጅን አስገጠመችላት። ከዚያ ወደ ምላጩ ዞራ «አባባ፣ ማሽን ገዝቻለሁ አላሉኝም ነበር?» አለች።

«ገዝቻለሁ እንጂ! ቀንም ሌትም ይሠራል፤ አጥፍተነው አናውቅም።»

«እስቲ ያምጡት።»

በታክሲ ጭኖ አመጣው። የሆስፒታሉ ቴክኒሻን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ፣ ከቱቦው የሚወጣውን አየር በትንሽ መለኪያ ለካ። ድጋሚ ለካ። ከዚያ ብሎኑን ፈትቶ ከፈተውና እጁን ከውስጥ አስገብቶ ሁለት ረጃጅም ቀፎዎች አወጣ።

«ኦክስጅኑን ከአየሩ የሚለየው ነገር እዚህ ውስጥ ነበር መኖር ያለበት። ባዶ ነው። አውጥተው ሸጠውታል ወይም ሲበላሽ ጥለውታል። ሲበላሽ የሚጮኸውን ደወል ደግሞ… ይሄውልዎት፣ ገመዱን ቆርጠውታል።»

«እኔ ግን ውሃ ውስጥ ሲንተከተክ አይቻለሁ።»

«አየር ነው አባባ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው አየር። እንደ ማራገቢያ ነው የነበረው።»

ምላጩ ግድግዳውን ተደገፈ። ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ የእሜቴ ልብ እንደደከመ፣ ያለ ኦክስጅን ያሳለፈችው ጊዜ እንደጎዳት፣ ከአሁን በኋላ ከሆስፒታል መውጣት እንደማትችል ነገረችው። «ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ፊቱን አይታ ተወችው።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለውን ተረት ስንቱን ደንበኛ ሲላጭበት ኖሯል። አሁን ዶሮዋ እሱ ነው።

እሜቴ ነቅታ ነበር። ጭንብሉ ፊቷን ግማሽ ሸፍኖታል። አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ማሽኑ እንዴት እንደሚነግራት ሲጨነቅ ፊቱን አየችና እሷው ቀደመችው።

«አወቅህ?»

አንገቱን ቀና አደረገ። «አንቺ… ታውቂ ነበር?»

«ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ያመጣኸው ዕለት።»

«ቀለል አለኝ ብለሽኝ የለ እንዴ!»

እረፍት ወሰደች። «ወንበርህን ሸጠህ… ከሥሬ ተቀምጠህ… እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን ታየኛለህ። ምን ልበልህ? ተታለልክ ልበልህ? ነገ ይሻለኛል፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ… አንተ ደግሞ በየቀኑ ደስ እያለህ መጣህ።»

«ቀለሙስ?»

«ከንፈሬ ሰማያዊ መሆኑን እንዳታይ ነው።»

ምላጩ በሕይወቱ ጮሆባት አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ። «እሱስ ሌባ ነው፤ እሱ አያውቀኝም! አንቺ ግን እንዴት? ከሁለታችሁ የቱ ነው የባሰ ያታለለኝ?» አለ። በክፍሉ ያሉት ሕመምተኞች ዞረው አዩት። እሷ እንባዋ ወደ ጭንብሉ ጠርዝ ወረደ። እሱ ተነስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ነከሰ። ወዲያው ተመልሶ እጇን ይዞ ሳመው፤ ይቅርታ አለ፤ እሷም ራሱን ዳበሰችው። ግን ያቺ ቃል ከአፉ ወጥታለች፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ንዴቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣና በልጁ ላይ አነጣጠረ። ቢደውል ስልኩ ተዘግቷል። ማስታወቂያው ከገጹ ላይ ጠፍቷል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ መርማሪው «ሌላ ስም አውጥቶ መመለሱ አይቀርም፤ ካያችሁት ደውሉልኝ» አለው። እህትየው በእረፍት ሰዓቷ ሁሉ ስልኳን ስታገላብጥ ሰነበተች። አንድ ጠዋት፣ ሆስፒታል ስትመጣ፣ ምንም ሳትናገር ስልኩን ለምላጩ ሰጠችው። ሌላ ስም፣ ሌላ ፎቶ ነው። ከሥሩ ግን ያቺው ናት፦ «የእናቴ ነበር። እሷ ስላረፈች…»

እህትየው ገዢ መስላ ደወለች። ልጁ ለዚያው ቀን ከሰዓት ቀጠራት። መርማሪው እመጣለሁ አለ፤ ነገር ግን ልጁን የሚለየው ምላጩ ብቻ ስለሆነ እሱም እንዲገኝ ፈለገ። እህትየው ከእሜቴ ጋር ልትቀር ተስማሙ።

ኮቱን ሲለብስ እሜቴ እጅጌውን ያዘችው።

«ዛሬ አትሂድ።»

«ሌላ ሰው ሊያታልል ነው እኮ እሜቴ። ለሌላው ሰው ስል ነው።»

«አታታልለኝ» አለች በጭንብሉ ውስጥ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። አንተ ራስህ ምላጩ ሆነህ… ማን ይዋጥህ?»

ሳቀ። እሷን ያገባት በዚህች አፏ ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን ይላል እንጂ እቤት ውስጥ ስለቱ እሷ ነበረች። ግንባሯን ሳማት።

«ቶሎ እመለሳለሁ።»

«ቶሎ ና» አለችው።

ቦታው ሌላ ሱቅ ደጃፍ ነበር። መርማሪው የሲቪል ልብስ ለብሶ ጋዜጣ ይዟል፤ ምላጩ ከመኪና ኋላ ቆሟል። ልጁ ማሽኑን ይዞ መጣ። ያው ጥቁር ሸሚዝ። ያው ጢም። ባለ ሱቁን ውሃ ሲጠይቅ ምላጩ ከተደበቀበት ወጥቶ ፊቱ ቆመ። ልጁ ብርጭቆውን እንደያዘ ደረቀ።

«እግዚአብሔር ይማርልዎት ብለኸኝ ነበር» አለው ምላጩ። ስንት ቀን ሙሉ ሊለው ያዘጋጀው ስድብ ነበረው፤ ከዚያ ሁሉ የወጣለት ይህ ብቻ ነው።

ጣቢያ ሲደርሱ ነገሩ ረዘመ። ልጁ መጀመሪያ ካደ፤ ሌላ ሰው ነው የሰጠኝ አለ፤ በመጨረሻ አመነ። የምላጩ ቃል እንደገና መጻፍ፣ መነበብ፣ መፈረም ነበረበት። ደጋግሞ ልሂድ አለ፤ መርማሪው ደጋግሞ «ትንሽ አባቴ፣ አሁን ጥለው ከሄዱ ይለቀቃል» አለው። ምላጩ ተቀመጠ። ይለቀቃል የሚለውን ቃል መስማት አልቻለም።

ከዚያ በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ገባች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ የምግብ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ እጇ ገና እርጥብ ነው። ልጁ አያትና ራሱን ጉልበቱ መሀል ቀበረ።

«እናቱ ነኝ» አለች። «ምን አጠፋ?»

መርማሪው ማስታወቂያውን አነበበላት። ሲያነብ ቀስ ብሎ ነበር፤ እሱም አፍሯል። ሴትየዋ ያልገባት ይመስል ምላጩን፣ ከዚያ ልጇን አየች።

«የእናቴ ነበር… ስላረፈች?» አለች። «ልጄ፣ እኔን ገድለህ ነው የምትሸጠው?»

ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ምላጩ ይህችን ሰዓት አልጋው ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ አልሟት ነበር፤ በሕልሙ ደስ ይለው ነበር። አሁን ከአጠገቡ የምታለቅስ ሴት አለች እንጂ ምንም የለም። ወረቀቱን ፈርሞ ወጣ።

ሆስፒታል ሲደርስ እህትየው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ከሩቅ አይቷት እርምጃው ዘገየ። እሷም ወደ እሱ ልትመጣ አልቻለችም፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«መቼ?»

«አሁን ነው ጋሼ። ገና አሁን። ደወልኩልህ፣ ስልክህ ዝግ ነበር።»

ስልኩን ቃሉን ሲሰጥ እንዲዘጋው አድርገውት ነበር፤ ሲወጣ መክፈቱን ረስቶታል።

«ጠየቀችኝ?»

እህትየው ከንፈሯን ነከሰች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «እናንተ ቤት ሰው ሲያዝን አይቶ እውነት የሚናገር የለም። አንቺ እንኳ ንገሪኝ።»

«ጠየቀችህ» አለች እያለቀሰች። «መጣ? አለች። አልመጣም አልኳት። ቆይታ ደግማ መጣ? አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።»

ምላጩ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጭንብሉን አንስተውላታል፤ ጉንጯ ላይ የጠርዙ ምልክት አለ። ምልክቱን በአውራ ጣቱ ሊያስተካክለው ሞከረ። ሥጋዋ እንደ በፊቱ አልተመለሰም። «እሜቴ» አላት። «ያዝነው እኮ። ይዘነዋል።» ከዚያ ይህን በማለቱ አፍሮ፣ ራሱን አንሶላው ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለቅሶ ቤቱ ሰው አላነሰውም። ያስተካከላቸው ራሶች ሁሉ መጡ። እነዚያ ሲስቁ የኖሩ ሰዎች ከእሱ አንዲት ቀልድ ሳይሰሙ ተቀምጠው፣ ወለሉን አይተው ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ከበሩ ጥግ ተቀመጠች። ማንም አያውቃትም። ስታለቅስ ግን ከዘመድ በላይ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። ሴቶቹ «የማን ወገን ናት?» እያሉ ተንሾካሾኩ። እህትየውም አታውቃትም ነበር። ምላጩ ግን አወቃት።

ተነስቶ ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠ። ሴትየዋ ፈርታ ለመነሳት ሞከረች።

«ይቀመጡ እህቴ።»

«ጣቢያ ነው የነገሩኝ፣ የርስዎ… እንዳረፉ። ልምጣ አልምጣ እያልኩ…» ቃሉን መጨረስ አቃታት። «ይቅር በሉልኝ ለማለት አይደለም የመጣሁት ወንድሜ። በምን አፌ።»

«ቢሉኝም አልችልም» አለ። «ልጅዎን ይቅር አላልኩትም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«እኔም አልቻልኩም» አለች። «በየቀኑ ምግብ አደርስለታለሁ። ሰሃኑን አቀብለዋለሁ። ፊቱን ግን ማየት አልቻልኩም።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ ጎረቤት ወደ ምላጩ ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ምንህ ናት?» አለው። ሴትየዋ ስትነሳ እስከ በሩ ሸኛት፤ መንገዱን እስክትታጠፍ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ገብቶ ሰዎቹ መሀል ተቀመጠ።